ሦስቱን መጻሕፍት በአንድ ጊዜ እንግዛ ወይ?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ ነው። እኔና አምስት ጓደኞቼ በጠረጴዛ ዙሪያ በወረቀትና በዳይስ የሚጫወቱትን የሚና ጨዋታ፣ ማለትም አንዱ ታሪኩን ሲመራ ሌሎቹ የታሪኩን ሰዎች ሆነው የሚጫወቱበትን፣ ለመጀመር ወስነን፣ በየወሩ ጥቂት ጥቂት እያዋጣን ገንዘብ አጠራቅመናል። የአክስቴ ልጅ ለገና ከሜሪላንድ ስለምትመጣ መጻሕፍቱን እንድታመጣልን አስበናል። አራቱ ጓደኞቼ የዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስን ሦስት ዋና ዋና መጻሕፍት (የተጫዋቾችን፣ የመሪውንና የጭራቆችን) ይፈልጋሉ፤ አምስተኛው ፓዝፋይንደር የተባለው ተመሳሳይ ጨዋታ ይሻላል ይላል፤ እኔን ደግሞ ምስጢር ፍለጋ ያለበት ጨዋታ ይስበኛል። ጨዋታውን የምመራው እኔ ነኝ። እንግሊዝኛ እንደ ልብ የምናነበው ከመካከላችን ሁለት ብቻ ነን። የ2014ቱን እትም እንግዛ ወይስ የ2024ቱን የሚለውም አልተለየልንም። በዚህ ላይ እናቴ የአንዱን መጽሐፍ ሽፋን ስልኬ ላይ አይታ ‹ይሄ የጥንቆላ መጽሐፍ ነው እንዴ?› ብላ ስትጠይቀኝ መልስ አጣሁ። ምን ይመክሩኛል? ሰ.»

መልስ፦ እኅታችን ሰ.፣ ሦስቱን መጻሕፍት ለዚህ ገና አታስመጡ። ይህን የምልሽ መጻሕፍቱ ስለማይረቡ አይደለም፤ በጥንቃቄ የተሠሩ፣ ለዓመታት የሚያገለግሉ ሥራዎች ናቸው። ነገር ግን ጀማሪ የሚያስፈልገው ደንብ አብዛኛው በሕጋዊ መንገድ በነጻ ይገኛል፤ እናንተን የሚያጥራችሁም ደንብ ሳይሆን የአንቺ የመሪዋ ጊዜ ነው። ተጫዋች እሑድ ከሰዓት በኋላ መጥቶ ይቀመጣል፤ መሪ ግን ከዚያ በፊት ባሉት ምሽቶች ታሪኩ ከየት እንደሚነሣ፣ ባላንጣው ምን እንደሚሻ፣ ተጫዋቾቹ ያልታሰበ መንገድ ቢመርጡ ምን እንደሚከተል አሰናድታ መጠበቅ አለባት። ሥራ ውለሽ፣ የታክሲ ሰልፍ ጠብቀሽ ቤትሽ ከገባሽ በኋላ የሚተርፍሽን ሰዓት አስቢው። የ2024ቱ ሦስት መጻሕፍት እያንዳንዳቸው 384 ገጽ ናቸው፤ በድምሩ 1,152 ገጽ ይሆናል። ይህን ሁሉ አንብበሽ ስትጨርሺም ለመጪው እሑድ የሚሆን ሙሉ ታሪክ ገና በእጅሽ አይኖርም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ያጠራቀማችሁት ገንዘብ መዋል ያለበት ተዘጋጅቶ በተጻፈ ጀብዱ፣ ማለትም መሪው እያነበበ በሚመራው ዝግጁ ታሪክ ላይ ነው።

ደንቡ በነጻ ይገኛል ያልሁበትን ምክንያት ላስረዳ። የእትሞቹም ሆኑ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ሌላ ካላልሁ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ያዘጋጁት ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው በ1974 ሲሆን፣ ዛሬ የሚያሳትመው ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት የተባለው ድርጅት ነው። ድርጅቱ ሌሎች አሳታሚዎች በደንቦቹ የሚጠቀሙበትን ፈቃድ ለመለወጥ በመሞከሩ ከተጫዋቾችና ከአሳታሚዎች ብርቱ ተቃውሞ ከገጠመው በኋላ፣ በጥር 2023 በ2014 የወጣውን የአምስተኛውን እትም መሠረታዊ ደንቦች የያዘውን ባለ 403 ገጽ ሰነድ ክሪኤቲቭ ኮመንስ በሚባለው ክፍት ፈቃድ ለሕዝብ ለቀቀው። ሰነዱ ቁጥር 5.1 ይባላል። በ2024ቱ እትም ላይ የተመሠረተው ቁጥር 5.2 ደግሞ በሚያዝያ 2025 በዚያው ፈቃድ ወጥቷል። በ5.1 ውስጥ አሥራ ሁለቱም የገጸ ባሕርይ ሙያዎች፣ የውጊያው ሥርዓት፣ ብዙ ድግምቶችና ብዙ ጭራቆች አሉ። የቀረው የሙያዎቹ ልዩ ልዩ ቅርንጫፍ (እያንዳንዱ ሙያ በነጻው ሰነድ አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ሲኖረው በ2024ቱ የተጫዋቾች መጽሐፍ አራት አራት አለው)፣ ድርጅቱ ለራሱ ያስቀራቸው ጥቂት ታዋቂ ጭራቆች፣ ሥዕሎቹና ሰፋ ያለው ማብራሪያ ነው። ሰነዱን አንድ ጊዜ በፒዲኤፍ ካወረዳችሁት ኢንተርኔት ቢቋረጥም ስልካችሁ ላይ ይነበባል።

ለእናንተ ቡድን ግን ከነጻነቱ የሚበልጠው ጥቅም ሌላ ነው። ይህ ፈቃድ ምንጩን እስከ ጠቀሳችሁና ለውጥ ማድረጋችሁን እስከ ገለጻችሁ ድረስ ሰነዱን እንድትተረጕሙ፣ እንድታሳጥሩ፣ እንድታባዙና ለሌላ ሰው እንድታካፍሉ ይፈቅዳል። አራቱ ጓደኞችሽ እንግሊዝኛው ስለሚከብዳቸው ውድ ዋጋ የተከፈለበት መጽሐፍ በጠረጴዛው ላይ ቢቀመጥም የሚገልጡት ሁለታችሁ ብቻ ትሆናላችሁ፤ ሌሎቹ በየደቂቃው «እዚህ ጋ ምን ይላል?» እያሉ እናንተን ይጠብቃሉ። በተራ የንግግር አማርኛ የተጻፈ የሁለት ገጽ የደንብ ማጠቃለያና አርእስቶቹ በአማርኛ የተተኩበት የገጸ ባሕርይ ቅጽ ቢኖራችሁ ግን ስድስታችሁም እኩል ትጫወታላችሁ። እንግሊዝኛ ከሚያነበው ጓደኛሽ ጋር ሥራውን ተካፈሉት፤ እርሱ ውጊያውን፣ አንቺ የችሎታ ሙከራውን (አንድ ድርጊት መሳካቱ በዳይስ የሚለይበትን) ብትይዙ በሁለት ቅዳሜ ያልቃል ብዬ አምናለሁ። 403ቱንም ገጽ ለመተርጐም አትነሡ። ዘብ፣ ቀበኛ ሌባ፣ ደብተራ፣ አዝማሪ እያላችሁ ከሙያዎቹ ጋር የሚቀራረብ ስም ብትሰጡ የሚከለክላችሁ የለም፤ ጨዋታውም ቶሎ የእናንተ ይሆናል።

ስለ ገንዘቡ በግልጽ እንነጋገር። የ2024ቱ መጻሕፍት የእያንዳንዳቸው የሽፋን ዋጋ 49.99 ዶላር በመሆኑ ሦስቱ ወደ 150 ዶላር ይጠጋሉ። ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ከፈቀደበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ስለነበር አንዱ መጽሐፍ ከ3,000 ብር በታች ይሰላ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ5,000 ብር በላይ ሆነ፤ ከዚያ ወዲህም ጨምሯል። ስድስት ወጣቶች በየወሩ እያዋጡ ያጠራቀሙት ገንዘብ መደርደሪያ አሳምሮ እንዲቀር አልፈልግም። የአክስትሽ ልጅ ሻንጣም ቢሆን ልክ አለው፤ ጠንካራ ሽፋን ያለው የዚህ ጨዋታ መጽሐፍ አንድ ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ከእርሷ የሚጠብቀውም ዘመድ አንቺ ብቻ አትሆኚም።

እንግዲህ የምትገዙት የጀማሪዎችን ሣጥን ነው። በ2014 የወጣው የአምስተኛው እትም የመጀመሪያው ሣጥን ባለ 32 ገጽ የደንብ መጽሐፍ፣ ባለ 64 ገጽ ጀብዱ፣ አምስት ተሞልተው ያለቁ ገጸ ባሕርያትና ስድስት ዳይስ ነበሩት። በ2022 የወጣውም ባለ 32 ገጽ ደንብ፣ አንድ ጀብዱና አምስት ዝግጁ ገጸ ባሕርያት አሉት። አምስት ተጫዋቾችና አንዲት መሪ ስለሆናችሁ ቁጥሩ ለእናንተ የተሰላ ይመስላል። ጀብዱው ለመሪ የሚያስፈልገውን ካርታ፣ የባላንጦቹን ብርታት፣ በየቦታው የሚነበበውን መግለጫ ሁሉ ይዟል፤ አንቺ ማታ ማታ መሥራት የሚጠበቅብሽ ለመጪው እሑድ የሚሆኑትን ጥቂት ገጾች አንብበሽ፣ ጮክ ብለሽ የምታነቢያቸውን አንቀጾች ቀድመሽ በአማርኛ መጻፍ ብቻ ነው። እየተነበበ በችኮላ የሚተረጐም መግለጫ ውበቱ ስለሚጠፋ ይህችን ሥራ አትዝለያት።

አሁን ወደ ሦስቱ ጨዋታዎች ልዩነት ልምጣ፤ ጓደኞችሽ የሚከራከሩበት ነገር በሥራ ላይ ሲታይ ይበልጥ ይገባል። ተጫዋቾቹ አሞሌ ጨው የጫኑ ነጋዴዎች ሆነው ሲመሽ አንድ ኬላ ደረሱ እንበል። ጠባቂው አላሳልፍም አለ፤ አንዷ ጓደኛሽ «እኔ አሳምነዋለሁ» አለች። በዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ አንቺ የነገሩን ክብደት 15 ትያለሽ፤ እርሷ ባለ ሃያ ገጹን ዳይስ ጥላ 11 ወጣላት፤ የማሳመን ችሎታዋን 3 ስትጨምርበት 14 ሆነ፤ በአንድ ነጥብ አልሆነላትም፤ ከዚህ በኋላ የሚከተለውን የምትወስኚው አንቺ ነሽ። በፓዝፋይንደርም 14 አይበቃም፤ ነገር ግን እዚያ ውጤቱ በአራት ይከፈላል፦ ድምሩ 25ና ከዚያ በላይ ቢሆን ታላቅ መሳካት፣ 5ና ከዚያ በታች ቢሆን ታላቅ ውድቀት ይሆናል፤ ደንቡም በየደረጃው ምን እንደሚከተል ለብዙ ድርጊቶች ዘርዝሮ ጽፏል። ኮል ኦፍ ክቱሉ በሚባለውና በ1981 ኬኦሲየም በተባለ አሳታሚ በወጣው የምርመራና የአስፈሪ ታሪክ ጨዋታ ደግሞ የጓደኛሽ ቅጽ ላይ «ማሳመን 45» ተብሎ ይጻፋል፤ ከ1 እስከ 100 በሚቆጥሩ ዳይሶች 45 ወይም ከዚያ በታች ከወጣላት ተሳካላት። 22 ወይም ከዚያ በታች ቢሆን ከባዱን፣ 9 ወይም ከዚያ በታች ቢሆን እጅግ ከባዱን ነገር ተወጥታለች ማለት ነው። 52 ወጣላት እንበል። አልሆነም፤ ሆኖም ዘዴዋን ለውጣ፣ ለምሳሌ ለጠባቂው ያንዱን በቅሎ ጭነት መያዣ አድርጋ፣ ሁለተኛ ልትሞክር ትችላለች፤ ሁለተኛውም ካልተሳካ አንቺ ከመጀመሪያው የከፋ ነገር ታመጪባቸዋለሽ። በመቶኛ የሚቆጠር ውጤት ትምህርት ቤት የዋለ ሰው ሁሉ ያለ ማብራሪያ ይገባዋል፤ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው።

ስለዚህ ፓዝፋይንደርን የመረጠው ጓደኛሽ የተሳሳተ ነገር አልተናገረም። ዝርዝር ደንብና ጥብቅ ስልት ለሚወድ ሰው ብርቱ ጨዋታ ነው፤ ደንቦቹም ከአሳታሚው ፈቃድ ባለው አርካይቭስ ኦፍ ኔቲስ በተባለ ድረ ገጽ በነጻ ይነበባሉ። ነገር ግን ዝርዝሩ በመሪው ትከሻ ላይ ስለሚያርፍ አንቺን አሁን በዚያ መጀመር አልመክርሽም። ለጓደኛሽ የምትሰጪው ትክክለኛ መልስ «ደንቡን በነጻ አንብብና አንድ እሑድ አንተ ምራን» የሚል ነው። ጨዋታ የሚመርጥ ሰው ያንን ጨዋታ ለመምራት ቢዘጋጅ ቡድናችሁ ሁለተኛ መሪ ያገኛል፤ አንቺም አልፎ አልፎ ተጫዋች ሆነሽ ትቀመጫለሽ።

አንቺን የሚስብሽ ምርመራ ግን እንዲቀር አልፈልግም። ኬኦሲየም የደንቡን አጭር መግቢያ ከአንድ የተሟላ ጀብዱ ጋር በነጻ ያቀርባል፤ ለአንድ ወይም ለሁለት ከሰዓት በኋላ ይበቃል። ጨዋታው ዘወትር የሚካሄደው በ1920ዎቹ ሲሆን፣ ተጫዋቾቹ ጀግኖች ሳይሆኑ ጋዜጠኛ፣ ሐኪም፣ መምህር የሆኑ ሰዎች ናቸው። ያ ዘመን በእኛ አገር ንግሥት ዘውዲቱ የነገሡበት፣ ባቡሩ በ1917 አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ያለው ጊዜ መሆኑን አስቢ። ለገሃር የወረደ አንድ እንግዳ፣ በማግሥቱ ባለቤት ያጣ ሻንጣ፣ ፒያሳ ያለ የአርመን ሱቅ፤ ከዚህ ተነሥተሽ የራስሽን ታሪክ ለመጻፍ ለራስሽ መጽሐፍ መግዛት አያስፈልግሽም። ይህን ጨዋታ ቀዳሚ ያላደረግሁት አብዛኞቹ ጓደኞችሽ ሌላውን ስለፈለጉ፣ ደንቡንም እንደ ልብ ተርጕሞ ማካፈል ስለማይቻል ነው።

የ2014ቱና የ2024ቱ እትም ጥያቄ እንደሚያስጨንቃችሁ ያህል ከባድ አይደለም። መሠረታዊው አሠራር፣ ማለትም ባለ ሃያ ገጹ ዳይስ ተጥሎ ችሎታ የሚደመርበት መንገድ፣ አልተለወጠም፤ ለ2014ቱ የተጻፉ ጀብዱዎችም በ2024ቱ ደንብ ሊመሩ ይችላሉ። የተለወጠው የሙያዎቹና የድግምቶቹ ዝርዝር ነው። በአንድ ጠረጴዛ ላይ አንዱ ተጫዋች ከአንደኛው፣ ሌላው ከሁለተኛው እትም ቢያነብ ግን ጭቅጭቅ ይነሣል። የ2014ቱን ወይም የ2022ቱን ሣጥን ካገኛችሁ ከሰነድ 5.1 ጋር ተጠቀሙበት፤ በ2025 የወጣው አዲሱ ሣጥን የ2024ቱን ደንብ ስለሚከተል ከ5.2 ጋር ይሄዳል።

ዳይሱን ከአሜሪካ አስመጡት፤ ባለ 4፣ ባለ 6፣ ባለ 8፣ ባለ 12፣ ባለ 20 ገጽና ሁለት ባለ 10 ገጽ ሆነው ሰባት የሚሆኑበት ስብስብ በከረጢት የሚያዝ ትንሽ ዕቃ ነው፤ ሁለት ስብስብ ለስድስት ሰው ይበቃል። እስከዚያ ድረስ በስልክ ላይ የሚጣል ዳይስ ይሠራል፤ በመቶኛ ለሚቆጠረው ጨዋታ ደግሞ ከ0 እስከ 9 የተጻፈባቸው ቁርጥራጭ ወረቀቶች በሁለት ኩባያ አድርጎ ማውጣት ይቻላል። ሕትመቱን በተመለከተ፣ ከነጻው ሰነድ የሚያስፈልጋችሁን ክፍል ብቻ፣ የችሎታ ሙከራውን፣ ውጊያውንና የመረጣችኋቸውን ሙያዎች፣ በጥቁርና ነጭ አሳትማችሁ አራት ኪሎ ወይም ስድስት ኪሎ ካሉት ፎቶኮፒ ቤቶች በአንዱ አስጠርዙት። በቴሌግራም የሚዞሩትን የሚሸጡ መጻሕፍት ቅጂዎች ግን አታሳትሙ፤ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ዓ.ም. የደራሲን መብት ይጠብቃል፤ ከሕጉም ሌላ፣ ነጻና ፍጹም ሕጋዊ የሆነ ይህን የሚያህል ደንብ እያለ ሌላውን የሚያስመኝ ነገር የለም። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አሮጌ መጻሕፍት ከሚሸጡት ዘንድ ድንገት የዚህ ጨዋታ መጽሐፍ ካጋጠማችሁ ከመክፈላችሁ በፊት የታተመበትን ዓመት ተመልከቱ። ሦስተኛው እትም በ2000፣ አራተኛው በ2008 የወጡ ስለሆኑ ከአምስተኛው ጋር አይገጥሙም፤ ለማንበብ ካልሆነ ለእናንተ አይጠቅሙም።

የእናትሽ ጥያቄ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ሸሽተሽ አትለፊው። በ1980ዎቹ በአሜሪካ ብዙ ወላጆች ያንኑ ጠይቀዋል፤ የያኔው አሳታሚም በ1989 ባወጣው ሁለተኛ እትም የአጋንንትን ስያሜዎች በሌሎች ስሞች እስከ መለወጥ ደርሶ ነበር። ለእናትሽ እውነቱን ንገሪያቸው፦ መጻሕፍቱ ውስጥ የአጋንንት ሥዕል አለ፣ «ድግምት» የሚባል ነገርም አለ፤ እነዚህ በተረት ውስጥ እንዳሉት ጠላትና ኃይል ሆነው የሚነገሩ እንጂ ሰው የሚለማመዳቸው ሥርዓት አይደሉም። አስፈሪው ጨዋታ ግን በባዕድ አማልክትና በሚስጥር አምላኪዎች ታሪክ ላይ የተሠራ ስለሆነ፣ እርሳቸው ካልወደዱት በእርሳቸው ቤት አታጫውቺው። ምን እንደሚገባና ምን እንደሚቀር የምትመርጪው አንቺ መሪዋ በመሆንሽ፣ ካልፈለግሽ አንድም ጋኔን የሌለበት ታሪክ መምራት ትችያለሽ፤ የኬላው ታሪክ ላይ ያለው አስቸጋሪ ፍጡር ጉቦ የለመደ ዘበኛ ብቻ ነው። ከሁሉ የሚሻለው የመጀመሪያውን እሑድ ቤታችሁ አድርጋችሁ፣ ቡና ተፈልቶ እርሳቸውም ተቀምጠው እንዲያዩ መጋበዝ ነው። ምናልባት ጠባቂውን እንዴት ማሳመን እንደሚቻል የተሻለ ሐሳብ የሚሰጧችሁ እርሳቸው ይሆናሉ።

ሣጥኑን ተጫውታችሁ ጨርሳችሁ፣ እንቀጥል የሚል ፍላጎት ካላችሁ፣ በመጀመሪያ የ2024ቱን የተጫዋቾች መጽሐፍ ግዙ፤ አምስቱም ሰዎች የሚገልጡት እርሱን ነው። ቀጥሎ ከ500 በላይ ፍጡራን ያሉበትን የጭራቆች መጽሐፍ፤ የመሪው መጽሐፍ የመጨረሻው ይሁን፤ ያን ጊዜ ብዙውን ነገር በሥራ ተምረሽው ስለምትቆዪ የትኛው ምዕራፍ እንደሚጠቅምሽ አውቀሽ ታነቢዋለሽ። አሳታሚው እነዚህን መጻሕፍት በፒዲኤፍ ስለማይሸጥ «ገዝተን እናትመዋለን» የሚለውን ሐሳብ ከአሁኑ ተዉት።

ለአክስትሽ ልጅ የምትልኪው መልእክት እንግዲህ አጭር ነው፦ አንድ የጀማሪዎች ሣጥን፣ ከተገኘ የ2022ቱ፣ ካልተገኘ የ2025ቱ፤ ሁለት ስብስብ ዳይስ፤ ሌላ ምንም። አዲሱን ሣጥን የምታገኝ ከሆነ ለአምስት ተጫዋች ይበቃ እንደሆነ ክዳኑ ላይ አንብባ እንድትነግርሽ ጠይቂያት። ሣጥኑ ታዝዞ ቤቷ የሚደርስበትን ጊዜም አስቢና ከኅዳር አጋማሽ ሳያልፍ ጻፊላት፤ እስከዚያው የአማርኛውን ማጠቃለያ ጀምሩት።